ናፍጣ፣ ሙቀትና የጅቡቲ መንገድ፦ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዐምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎችና ለባለንብረቶች ሰጥተናል። ከእነርሱ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው። የአየር ንብረት ለውጥ እውነት ነው ወይስ አይደለም፣ እውነት ከሆነስ ናፍጣን ምን ይተካዋል፣ የለውጡን ዋጋስ ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር በየማደያው ሰልፍና በየማደሪያው እንደሚካሄድ ጠያቂዎቻችን ጽፈውልናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ አድርገን፣ ደብዳቤዎቹንም ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ኮንቴይነር የማመላልስ አሽከርካሪ ነኝ። ሎጊያ ላይ ስናድር ከባልደረቦቼ ጋር ዘወትር የምንከራከርበት ጉዳይ አለ። አንዳንዶቹ የዓለም ሙቀት ጨመረ የሚባለው ሀብታም አገሮች እኛን ከልማት ለማስቀረት የፈጠሩት ወሬ ነው ይላሉ። አንድ በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን ደግሞ ድርቁም ጎርፉም በአባቶቻችን ዘመን የነበረ ነው ብለው ይሟገታሉ። ረዳቴ በበኩሉ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የፈነዳውን እሳተ ገሞራ እያነሣ፣ የእኛ መኪና ጢስ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምን ቁም ነገር አለው ይለኛል። እኔ ለውጡን በዓይኔ የማየው ቢመስለኝም ማስረዳት አቅቶኛል። ትክክሉ የቱ ነው? (አሽከርካሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ታላቅ ባልደረባዎ የሚሉት በከፊል እውነት ስለሆነ መልሳችንን ከእርሳቸው እንጀምራለን። የአየር ጠባይ ድሮም ይለዋወጥ ነበር፤ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው የ1880ዎቹ ረሃብ በአገራችን ፋብሪካም ሆነ መኪና ባልነበረበት ዘመን፣ የከብት እልቂትና ድርቅ ተደራርበው ያመጡት መከራ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ድርቅና እያንዳንዱን ጎርፍ በመኪና ጢስ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ሆኖም የቀድሞው ለውጥ ምክንያት ተፈጥሮ መሆኑ፣ የዛሬውም ምክንያት ተፈጥሮ ነው ለማለት አያበቃም። የዛሬው ለውጥ በራሱ መመርመር አለበት፤ ተመርምሯልም።

ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ፈጠራ ነው ለሚሉት ባልደረቦችዎ የሳይንሱን ዕድሜ መንገር ይጠቅማል። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ብርጭቆ በፀሐይ ላይ ከተራ አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ በሙከራ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ደግሞ የዚህ ጋዝ መጠን ቢጨምር የምድር ሙቀት በምን ያህል ከፍ እንደሚል አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ማለትም የዐድዋ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን ኢንዱስትሪ ለመግታት በዚህ መንገድ የሚያስብ አንድም መንግሥት አልነበረም፤ ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ልኬት ነው። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ፣ ቻርልስ ኪሊንግ በጀመረው ሥራ፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለማቋረጥ ይለካል። ሲጀመር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በልጠዋል። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታሽጎ የቆየው ጥንታዊ አየር ሲመረመር ባለፉት 800,000 ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደዚህ ደረጃ ቀርቦ እንደማያውቅ ታይቷል። የጨመረው ካርቦን ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የመጣ መሆኑም የሚታወቅበት ምልክት አለው። በምድር ውስጥ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ካርቦን፣ ካርቦን 14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ሙሉ በሙሉ አልቆበታል፤ እንዲህ ያለው አሮጌ ካርቦን በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን 14 ድርሻ እያሳሳው መሄዱ በግልጽ ተለክቷል። ምክንያቱ የፀሐይ መጠንከር ቢሆን ኖሮ የላይኛውም የታችኛውም የከባቢ አየር ክፍል አብሮ መሞቅ ነበረበት። የሚታየው ግን የታችኛው እየሞቀ የላይኛው እየቀዘቀዘ መሄዱ ነው፤ ይህም ሙቀት አማቂ ጋዞች ሲጨምሩ የሚጠበቀው ውጤት ነው።

ረዳትዎ ያነሣው ጥያቄ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር መመለስ ይገባዋል። ከኤርታ አሌ አጠገብ ያለው የሐይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ የመንና ኦማን፣ ብሎም እስከ ሕንድ ደርሷል። ለዓይን ግዙፍ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና በዓለም ያሉ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ቢሊዮን ቶን አይሞላም፤ የሰው ልጅ ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ብቻ በዓመት የሚለቀው ግን 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። እንዲያውም ታላላቅ ፍንዳታዎች ወደ ላይኛው አየር በሚረጩት የሰልፈር ጋዝ ምክንያት ምድርን ለጊዜው ያቀዘቅዛሉ። በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ የዓለም አማካይ ሙቀት ለአንድ ዓመት ያህል በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር።

አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲቃጠል ግን 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ስሌቱ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ክብደቱ የሚጨምረው በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሚዋሐድ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 45 ሊትር የሚበላ ተሳቢ ያለው መኪና ከጅቡቲ በገላፊ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ 400 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ ስሌት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ጋዝ ይለቃል ማለት ነው።

እርስዎ በዓይንዎ የሚያዩትን በተመለከተ፣ ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው ነበር። ያንን ድርቅ ያጠኑ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ድርቁ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ደምድመዋል። ምክንያቱ የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ አየሩ ሲሞቅ የዘነበው ውሃ ራሱ መሬት ሳያርስ ይተናል።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪና አለኝ። የዓለም ሙቀት እውነት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አየሩን ያበላሹት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ መኪና ገና ያልጠገበች አገር ናፍጣ ተዪ መባሏ ፍትሕ ነው ወይ? (ባለንብረት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ፍትሕ አይደለም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እንስማማለን። ኢትዮጵያ ከነዳጅና ከከሰል የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓለም ጠቅላላ መጠን ከአንድ በመቶ አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይደርስም። የእርስዎ ሁለት መኪኖች ነገ ቢቆሙ የዓለም ሙቀት በዚያ ምክንያት አይቀንስም። ዋናው ዕዳ ቀድመው የበለጸጉትና አሁንም አብዝተው የሚያቃጥሉት አገሮች ነው፤ በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድም ይህ ጉዳይ በድፍረት ሊነሣ ይገባል።

ናፍጣን የመተው ጥቅም ለእኛ ያለው በሌላ በኩል ነው ብለን እናምናለን። የምናቃጥለው ናፍጣ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በባሕር የሚመጣ ነው። ሩቅ አገር ጦርነት ሲነሣ ዋጋው ይንራል፤ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ደግሞ ጭማሪው በቀጥታ የእርስዎ ሸክም ሆኗል። በአንጻሩ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ ያቀረበው ምክንያትም በዋናነት የውጭ ምንዛሪ ነበር። ይህ ስሌት ሀብታም አገሮች ቃላቸውን ቢጠብቁም ባይጠብቁም ለእኛ አይለወጥም። ከዚህ ሌላ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጢስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ሞተር እያስነሣ በጋቢና ውስጥ የሚያድር አሽከርካሪ ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ልግዛ ወይስ አልግዛ በሚል ከወንድሜ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እርሱ ናፍጣ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ፣ ትርፉ በእጥፍ ነው ይላል። እኔ ደግሞ አዋሽ ላይ ባትሪው ቢያልቅ ማን ይጎትተኛል እላለሁ። ባንክ ብድር ከመጠየቃችን በፊት እውነቱን ንገሩን። የምንሠራው በዋናነት የጅቡቲ መስመር ነው። (ባለንብረትና አሽከርካሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለጅቡቲ መስመር ዛሬ ባለው ሁኔታ ብድር ገብታችሁ እንድትገዙ አንመክርም። ምክንያቱ ግን መኪናው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ወንድምዎ ስለ መኪናው የሚሉት አብዛኛው ትክክል ነው። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል ከግማሽ በላዩን በሙቀት መልክ ያባክናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው የወሰደውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ለጎማ ያደርሳል። ኢንጀክተር፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮንና የጢስ ማውጫ የሉትም፤ ከዜሮ ፍጥነት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ በዳገት ላይ ሲነሣ ከናፍጣው ይበልጣል።

ችግሩ ያለው በመንገዱና በጭነቱ አቅጣጫ ነው። አርባ ቶን የሚመዝን መኪና በሜዳ ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት በቤትዎ ቆጣሪ ላይ የሚነበበው መለኪያ ነው። ወደብ ያለው ከባሕር ጠለል ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አርባ ቶንን ወደዚህ ከፍታ ለማንሣት ብቻ፣ የጎማና የነፋስ ግጭት ሳይታሰብ፣ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ለሜዳው ከሚፈጀው ጋር ሲደመር ከወደብ እስከ አዲስ አበባ ቢያንስ 1,150 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። በአውሮፓ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በስፋት መመረት የጀመረው የመርሴዲስ ኢአክትሮስ 600 የሚይዘው ባትሪ 621 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ፋብሪካው በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ይላል፤ ይህም በአውሮፓ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ለጎማ በሚያደርሰው ጉልበት ሲመዘን ከ130 ሊትር ገደማ ናፍጣ ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ ክብደቱ ግን አራት ቶን ያህል ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ሰልባቲዮው ስለሚወጡ የተወሰነው ይካካሳል፤ የቀረው ግን በኩንታል ለሚከፈለው ባለንብረት ከጭነቱ ላይ የሚቀነስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዚሁ ምክንያት ለእነዚህ መኪኖች ከተለመደው የክብደት ገደብ እስከ ሁለት ቶን ጭማሪ ይፈቅዳል። በእኛም አገር የሚዛን ጣቢያዎች ደንብ ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሻጮች የማይሰማ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርገን እናብራራዋለን። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በስዊዘርላንድ በአንድ የሲሚንቶ ድርጅት የድንጋይ ማውጫ ውስጥ የሚሠራ ግዙፍ የኤሌክትሪክ ገልባጭ መኪና አለ፤ ባዶውን ወደ ላይ ወጥቶ ሞልቶ ስለሚወርድ በቁልቁለቱ የሚያገኘው ኃይል ለዳገቱ ያወጣውን ለመሸፈን ይበቃዋል። የእኛ መስመር የዚህ ግልባጭ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱና ኮንቴይነሩ ሞልቶ የሚመጣው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን ቡናና ሰሊጥ የጫነ ጥቂት መኪና ካልሆነ በቀር ብዙው ባዶ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ሙሉ ዋጋውን ያስከፍላል፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ግን ከፊሉን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከአዋሽ እስከ ገላፊ ያለው ሙቀት በበጋ እንኳ ከባድ ነው፤ በፍጥነት ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ራሱ ስለሚሞቅ፣ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ በ40 ዲግሪ አየር ውስጥ ተጨማሪ ኃይል ይበላል፤ ቻርጁም ይዘገያል።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። አንድን 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በአንድ ሰዓት ለመሙላት 600 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል፤ ዐሥር መኪኖች በሰመራ ወይም በአዋሽ አብረው ቢቆሙ 6 ሜጋ ዋት ይሆናል ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በአዳማ አጠገብ በኮረብታው ላይ የሚያዩት የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሙሉ ዐቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ በአገር ደረጃ አለ፤ ወደ በረሃው የሚያደርሰው ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ ግን በየማደሪያው መተከል አለበት። ይህ የግለሰብ ባለንብረት ሥራ ሳይሆን የመንግሥትና የትልልቅ ባለሀብቶች ሥራ ነው፤ እርሱ ሳይሠራ አሽከርካሪውን ብቻ ግዛ ማለት ተገቢ አይደለም።

ሥራችሁን በከፊል ወደ አጭር መስመር ለመቀየር ፈቃደኛ ከሆናችሁ ግን መልሳችን ይለወጣል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ አዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሲሚንቶና የአሸዋ ጭነትም በአብዛኛው በቀን ተሄዶ የሚመለስበት ነው። በቻይና የኤሌክትሪክ ከባድ መኪኖች የተስፋፉት በዚሁ መንገድ፣ በመጀመሪያ በወደቦች፣ በብረት ፋብሪካዎችና በማዕድን ማውጫዎች መካከል ነው። በብዙ ቦታዎች ባትሪውን ቻርጅ ከማድረግ ይልቅ ባለቀው ምትክ የተሞላውን በአምስት ደቂቃ ያህል ጊዜ ይቀይሩታል። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ከተሸጡት አዳዲስ ከባድ መኪኖች ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ናፍጣም ሆነ ጋዝ የማያቃጥሉ ነበሩ። የባትሪ ዋጋም እየወረደ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ገደማ ደርሷል። ስለዚህ መጠበቅም ለእናንተ ይጠቅማል።

ሻጭ ሲያነጋግሩ በሜዳ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለውን አይጠይቁ። ባትሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ ዋስትናው በስንት ዓመትና በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያልቅ፣ በዋስትናው ጊዜ ባትሪው ከመያዝ ዐቅሙ ስንት በመቶ ቢያጣ እንደሚተካ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያም ሙሉ ጭነት ጭነው ከአዋሽ አዳማ ድረስ ዳገቱን ሲወጣ ካላዩት አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ የቦቴ አሽከርካሪ ነኝ። የካሉብ ጋዝ ወጥቷል ተብሏል። ከናፍጣ ወደ ጋዝ ብንሄድ አይሻልም? ድሮ የተጀመረው የኢታኖልና የጃትሮፋ ነገርስ የት ደረሰ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ሲሆን፣ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት የመጀመሪያው ማምረቻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ፈሳሽ ጋዝ የሚያቃጥሉ ከባድ መኪኖች በቻይና በብዛት የሚሠሩና የተፈተኑ ናቸው። ረጅም መስመር ይሄዳሉ፣ ጥላሸታቸውም ዝቅተኛ ነው። ጋዙ የአገር ውስጥ ከሆነ ዶላርም ያድናል። በዚህ ረገድ ለጅቡቲ መስመር ከባትሪው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል ቢሉን አንቃወምም።

የአየር ንብረት መፍትሔ ነው ማለት ግን አይቻልም። በሚገባ ሲሠራ ከናፍጣው አንጻር የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢበዛ ከመቶ ሃያ ያህል ነው። ጋዙ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሚቴን ሳይቃጠል ካመለጠ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ያሞቃል። ከጉድጓዱ፣ ከማጓጓዣው ወይም ከሞተሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢያፈተልክ የተገኘው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል።

ኢታኖል ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት እየተሠራ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጀመሪያ አምስት፣ ኋላም ዐሥር በመቶ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር፤ የሚቀላቀለው ከቤንዚን ጋር እንጂ ከናፍጣ ጋር ባለመሆኑ ግን ለእርስዎ ቦቴ ቀድሞውንም አይደርስም ነበር። ጃትሮፋ የተባለው የዘይት ፍሬ የሚሰጥ ተክል በደረቅ መሬት ላይ ብዙ ዘይት ይሰጣል ተብሎ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተተክሎ፣ ውሃና ጥሩ አፈር ካላገኘ እንደማያፈራ ታይቷል። ምግብ በማይተርፋት አገር መሬትን ለመኪና ማረስ በእኛ አመለካከት የሚደገፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የራሴን መኪና የምነዳ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ካሊፎርኒያ ናፍጣ ልትከለክል ነው ተብሎ ደንግጠን ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀርቷል ይባላል። ሃይድሮጅንስ? አንዳንዶች ወደፊቱ የእርሱ ነው ይላሉ። (ከኮሎራዶ)

መልስ፦ የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ትልልቅ ድርጅቶችንና ከወደብ ኮንቴይነር የሚያወጡ መኪኖችን ከናፍጣ ለማስወጣት ላወጣው ደንብ የሚያስፈልገውን የፌዴራል ፈቃድ ጥያቄ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ራሱ መልሶ ስቧል። አምራቾች የኤሌክትሪክ መኪና ድርሻቸውን እንዲያሳድጉ ያስገድድ የነበረውን ሌላኛውን ደንብ ፈቃድ ደግሞ ኮንግረሱ ሽሮ፣ ፕሬዚዳንቱ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ፈርመዋል፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክርክር አስነሥቷል። ለንግድ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች እስከ 40,000 ዶላር ይደርስ የነበረው የግብር ቅናሽም በመስከረም 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስለዚህ ለአንድ መኪና ባለቤት በፌዴራል ደረጃ ያን ያህል የሚያስገድድም የሚያግዝም ሕግ የለም። ይህ ለእርስዎ ጊዜ ይሰጥዎታል፤ የአየሩን ጉዳይ ግን አልለወጠውም፤ 2024 በልኬት ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር።

በአሜሪካ መንገድ ቴክኖሎጂው ከምናስበው ቀድሟል። በ2023 በተደረገ ይፋዊ ሙከራ አንድ ቴስላ ሴሚ የተባለ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና በመካከል ቻርጅ እየተደረገ በ24 ሰዓት 1,076 ማይል ተጉዟል። ሃይድሮጅንን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን በኤሌክትሪክ ከውሃ ለማውጣት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ተጨምቆ፣ ተጓጉዞ፣ በመኪናው ውስጥ መልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ከመጀመሪያው ኃይል ለጎማ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ በባትሪ ቢሆን ከሦስት አራተኛ የማያንስ ይደርስ ነበር። በሃይድሮጅን መኪና ስሙን የገነባው ኒኮላ የተባለው ኩባንያ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ለፍርድ ቤት አመልክቷል። በዚህ መስክ ገንዘብዎን አሁን እንዲያስሩ አንመክርዎትም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬን በመሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ባቡሩ መጣ፣ ኤሌክትሪኩ መጣ፣ ለአየሩ ጥሩ ነው ይባላል። እኛስ የት እንወድቃለን? (አሽከርካሪ፣ ከሚሌ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለአየሩ ጥሩ ነው ብሎ ማለፍም አይበቃም። የአዲስ አበባና የጅቡቲ የምድር ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ግጭቱ አነስተኛ ስለሆነና አንድ ባቡር የብዙ ተሳቢዎችን ጭነት በአንድ ጊዜ ስለሚጎትት፣ ለአንድ ቶን ጭነት የሚፈጀው ኃይል ከመኪናው በብዙ ያንሳል። ባትሪ መሸከምም አያስፈልገውም፤ ኃይሉን የሚወስደው በቀጥታ ከሽቦው ነው። ስለዚህ በረጅሙ መስመር ላይ ከናፍጣ የመውጫው የመጀመሪያ በር ባቡሩ ነው ብለን እናምናለን፤ ይህን ለእርስዎ ደስ እንዲል ብለን አንሸሽገውም። ባቡሩ ግን ከጣቢያ አያልፍም። ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጋምቤላ የሚሄደው ጭነት ከሞጆ በኋላ በመኪና ነው የሚቀጥለው፤ ነዳጁ ራሱ እስከ ዛሬ በዋናነት በቦቴ ነው የሚገባው። ስለሆነም የአሽከርካሪው ሥራ ይጠፋል ከማለት ይልቅ፣ ከረጅሙ የበረሃ መስመር ወደ አጫጭር መስመሮች ይዛወራል ማለት ይቀላል። አከፋፈሉ በጉዞ ብዛትና በኩንታል ከሆነ አጭሩ መስመር ገቢ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ማኅበራት ከአሁኑ ሊደራደሩበት የሚገባው ይህ ነው። ለውጡ አገርን የሚጠቅም ከሆነ ወጪውም የአገር መሆን አለበት፤ የሥልጠናውና የብድሩ ወለድ በአሽከርካሪው ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ስለ ሥልጠናው አንድ ነገር እንጨምር። በኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ውስጥ ያሉት ወፍራም ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ብዙ መቶ ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ኃይሉ በሥርዓቱ ሳይቋረጥ ማንም ሰው፣ የመንገድ ዳር ጋራዥም ጭምር፣ ሊነካቸው አይገባም። ማኅበራችሁ መኪኖቹ ከመግባታቸው በፊት ይህን ሥልጠና ከአስመጪዎች በውል ያስገባ። በሌላ በኩል እርስዎ ለዓመታት ያካበቱት የቁልቁለት አነዳድ ለኤሌክትሪክ መኪናም ያስፈልጋል፤ ፍሬን ሳያበዙ አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስና መንገዱን ከሩቅ ማንበብ በናፍጣው መኪና የፍሬን ሸራ ያድን ነበር፤ በኤሌክትሪኩ ደግሞ ለባትሪው የሚመለሰውን ኃይል ይጨምራል። ለሥልጠና ሲመዘገቡም በምዝገባው ላይ የተራራ መንገድ ልምድዎን በዓመት ገልጸው ያስጽፉ።